በመቅኔ ውስጥ የተኙት

ባለቤቴ መታመሟን መጀመሪያ ያየሁት የበቆሎ እሸት ላይ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ በነቀምቴ መንገድ ዳር ሁሉ ከሰል ተቀጣጥሎ እሸት የሚጠበስበት ሰሞን። ከሥራ ስትመለስ ገዝታ መጣችና በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስንግጥ የእሷ በቆሎ ላይ ቀይ ነገር አየሁ።

"ድድሽ ደማ እንዴ?" አልኳት።

አገላብጣ አየችው። "ጥርሴን ስፍቅ ነክቼው ይሆናል" አለችና ደሙን በጣቷ ጠርጋ መጋጧን ቀጠለች። እኔም ቀጠልኩ።

እሷ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምር ነበር። እኔ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እሷ የዲጋ ልጅ ናት፤ ዲጋ ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ነኝ። በቡሬ በኩል አባይን ተሻግሬ ስመጣ ትንሽ አስተምሬ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። እሷን አገባሁና ዝውውሩ ቀረ። ልጅ አልወለድንም። ቤተሰቦቿ "ባርሲሳ" ይሉኛል፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ከመካከላቸው በስሜ የሚጠራኝ የለም።

ስለ ሰውነት መከላከያ ሳስተምር "ነጭ የደም ሴሎች የሰውነታችን ወታደሮች ናቸው" እያልኩ ነው የኖርኩት። ሥዕሎቹን የምትሠራልኝ እሷ ነበረች። ለሕፃናቱ ከሚተርፋት ባለቀለም ወረቀት እየቆረጠች ለአንዱ ሴል ዓይን፣ ለሌላው ጥርስ ታበጅለት ነበር።

"ሴል እኮ ዓይን የለውም" እላታለሁ።

"ታዲያ ጠላቱን በምን ያየዋል?"

"ዳስሶ ነው የሚያውቀው። ሁሉም ሴል ቆዳው ላይ ምልክት አለው። ወታደሩ ይነካዋል፣ የቤት ልጅ ከሆነ ያልፈዋል፣ እንግዳ ከሆነ ይገድለዋል።"

"እንደ ዓይነ ስውር በለኛ" ትልና ዓይኑን ግን አታነሳውም። ተማሪዎቼም ዓይን ያለውን ይወዱታል።

ከእሸቱ በኋላ ነገሩ ተከታተለ። ከገበያ ወደ ቤታችን የሚወስደው ዳገት ከበዳት። ለመተንፈስ ስትቆም የሚያውቋት ሁሉ "አካም፣ አካም" እያሉ ሰላም ስለሚሏት፣ ለሰላምታ የቆመች ትመስላለች። እግሯ ላይ የበለዘ ቦታ አየሁ። "ሕፃናቱ እየሮጡ ይጋጩኛል" አለች። ከዚያ ትኩሳት መጣ። ሌሊት አንሶላው እስኪርስ አላባት። ጉንፋን ነው አልኳት። በቀልድ መልክ፣ "ወታደሮችሽ እየተዋጉ ነው፣ ትንሽ ታገሻቸው" አልኳት።

ትኩሳቱ አልለቅ ሲል ሆስፒታል ሄድን። ደሟን ወሰዱ። ውጤቱ ቆየ። ከዚያ እንደገና ወሰዱ። አንድ ወጣት ሐኪም ወረቀቱን ይዞ ወጣና አጠገቧ ተቀምጦ በኦሮምኛ ዝግ ብሎ ያናግራት ጀመር። ኦሮምኛ ገበያ ላይ አላንስም፤ ጆሮዬ ግን እስከ ዛሬ አልተገራም። በኦሮምኛ ደም "ዺጋ" ነው። የመጀመሪያው ፊደል ከጉሮሮ ፈነዳ ብሎ ይወጣል፤ እኔ ከከተማዋ ስም አልለየውም። ሐኪሙ ደጋግሞ ሲለው ስለ ትውልድ ቦታዋ የጠየቃት መስሎኝ ጣልቃ ገባሁ።

"አዎ፣ የዲጋ ልጅ ናት። እናቷም ወንድሟም እዚያው ናቸው" አልኩት።

ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝ። እሷ ሳቀች። በዚያ ሆስፒታል ውስጥ፣ በዚያ ሰዓት፣ እስክታስል ሳቀች። ከዚያ እጄን ያዘችኝና፣ "ስለ ደሜ ነው የሚያወራው" አለችኝ። "ደሜ ውስጥ መኖር የሌለባቸው ሴሎች አሉ ነው የሚለው። ነገ አዲስ አበባ ሂዱ ይላል።"

በማግስቱ ማለዳ ተሳፈርን። ሲሬ ከተማ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሙዝ የሚሸጡ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። እሷ ከሁሉም ጋር በቋንቋዋ ተጫወተች፤ ወዴት ነው ሲሏት "ዘመድ ጥየቃ" ትላቸው ነበር።

አዲስ አበባ ያገኘናት የደም ስፔሻሊስት ዝምታ የምታበዛ ሴት ናት። ከባለቤቴ የዳሌ አጥንት መቅኔ ወሰደች። መርፌው ወፍራም ነው። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጥርሷን ነክሳ የቤተ ክርስቲያኗን መዘምራን መዝሙር ታንጎራጉር ነበር፤ ዜማው በየመሃሉ ይቆረጣል፣ መልሳ ትይዘዋለች። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወንበሯን አስጠጋች።

"ካንሰር ነው?" አለች ባለቤቴ፣ ሳይነገራት።

"የደም ካንሰር ነው። ፈጣኑ ዓይነት ነው። ዛሬ ነው መጀመር ያለብን።"

ኬሞ የሚሉትን መድኃኒት ያን ቀን ጀመረች። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ማውራት አልፈልግም። ፀጉሯ እየተነቀለ ትራስ ላይ ቀረ። አፏ ቆስሎ ውኃ መዋጥ አቃታት። መድኃኒቱ የታመመውንም ጤነኛውንም ስለሚፈጅ ደሟ ባዶ ሆነ፤ የሌላ ሰው ደም እየተሰጣት ነበር የምትውለው። ያለ ጭምብል የሚገባባት ሰው አልነበረም።

እናቷ ከዲጋ መጡ። አንጮቴ ቀቅለው፣ ወቅጠው፣ በቅቤ ለውሰው በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ነበር። አንጮቴ በእኛ በወለጋ አጥንት ለተሰበረ፣ ለወለደች፣ ለተጎዳ ሰው የሚሰጥ ሥራ ሥር ነው። "የአጥንት በሽታ ነው" ብያቸው ነበር በስልክ፤ መቅኔ የሚለውን ለማስረዳት። ነርሷ ከውጭ የመጣ ምግብ እንደማይገባ ስትነግራቸው ጨርቁን አልፈቱትም። ኮሪደሩ ላይ ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። ሲመሽ ለሌላ ሕመምተኛ አስታማሚ ሰጡት። ሰውየው የሚበላው ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ግን ሁሉንም በላው፤ እሳቸው አፉን ሲያዩ ነበር።

ከዚያ ባልጠበቅነው ቀን ደግ ወሬ መጣ። መቅኔዋን እንደገና አይተው የታመመ ሴል አጡበት። ደሟ መሙላት ጀመረ። እናቷ መሬት ላይ ተንበርክከው "ዋቀዮ፣ ዋቀዮ" እያሉ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። እኔ ሐኪሟን ተከትዬ ቢሮዋ ገባሁ፤ ላመሰግናት ነበር የገባሁት።

"ተቀመጡ መምህር" አለችኝ። "ባዮሎጂ ነው የሚያስተምሩት ብላኛለች። ስለዚህ ግልጹን ልንገርዎት። ሰርዶ ያውቃሉ?"

"የገበሬ ልጅ ነኝ፤ እንዴት አላውቅም።"

"ላዩን ነው ያጨድነው። ሥሩ አለ። በማይክሮስኮፕ አይታየንም እንጂ አለ። ካንሰሩን የሚወልዱት ጥቂት ግንድ ሴሎች ናቸው። ኬሞ የሚገድለው የሚባዛውን ነው። እነሱ አይባዙም። መቅኔው ውስጥ ጥግ ይዘው ይተኛሉ። መድኃኒቱ ያልፋቸዋል።"

"የራሷ መከላከያስ?" አልኩ። "አሁን ደሟ ከተመለሰ፣ ነጭ ሴሎቿ ከተመለሱ፣ እነሱ አይጨርሷቸውም?"

ይህን ስጠይቅ ድምፄ የተማሪ ድምፅ ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ሴል ሲበላሽ ቆዳው ላይ የጭንቀት ምልክት ያወጣል። ገዳይ ሴሎቻችን ያንን ዳስሰው ነው የሚያጠፉት። በእርስዎም በእኔም ሰውነት ይህ ይደረጋል፤ ሳናውቀው። እነዚህ ግንድ ሴሎች ግን ያንን ምልክት አያወጡም። ሲነኩ ጤነኛ ይመስላሉ። ደግሞ ሌላ ምልክት ይለጥፋሉ። የተበላሸ ሴል የሚውጡት ትልልቆቹ ሴሎች ሲደርሱባቸው 'እኔን አትብሉ' የሚል ምልክት ነው። ይህን ምልክት ጤነኛ ሴሎቻችንም አላቸው። ከቤታችን የወሰዱት ነው።"

"ጠላትን ለይተው የሚመቱት ቲ ሴሎቹስ?"

"እነሱ ይደክማሉ። የሉም ማለት አይደለም፤ ብንቆጥራቸው እናገኛቸዋለን። ግን ከአንድ ጠላት ጋር ብዙ ሲቆዩ ይዝላሉ። አጠገቡ ቆመው አይመቱም። ካንሰሩም ዝም አይልም። 'ተዉት፣ አትንኩት' የሚሉ ሴሎችን ዙሪያውን ይሰበስባል፤ እነዚህም የራሷ ሴሎች ናቸው።"

ለዓመታት ሰሌዳ ላይ የሣልኩት ወታደር ዓይኔ ላይ መጣ፤ ከጠላቱ አጠገብ ቆሞ፣ እጁን አጣጥፎ። ምን ማድረግ እንደሚቻል ጠየቅኋት። ሌላ ኬሞ እንደሚጨመርላት፣ እሱም ሥሩን ላይነካው እንደሚችል ነገረችኝ። ሥሩን የሚነካው የሌላ ሰው መቅኔ መትከል ነው አለች። ከወንድም ወይም ከእህት የተወሰደ መከላከያ ገና ስላልደከመ፣ ለዚያ ካንሰርም ባዳ ስለሆነ፣ የእሷ መከላከያ ያላየውን ሊያይ ይችላል። ውጭ አገር ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ግን የሚገጥም ሰው መገኘት አለበት።

"ስንት ወንድምና እህት አላት?"

"አንድ ወንድም።"

ራሷን ነቀነቀች። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ መሆኑን እኔው ነኝ ለተማሪዎቼ የማስተምረው።

የቀረውን ኬሞ ጨርሳ ነቀምቴ ስንመለስ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበላት። ራሷ ላይ ሻሽ አስራ ነበር። የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች መዝሙር ዘመሩላት፤ አንዲቷ ሕፃን ሻሹን ገለጥ አድርጋ አየችና "እንደ ወንድሜ ነሽ" አለቻት። ያን ሰሞን የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች በየቀኑ ቤታችን ነበሩ። "ተፈውሳለች" ይላሉ። እሷ "አሜን" ትላለች። እኔ ብርጭቆ አነሳለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ሲሄዱ ከግቢያችን ማንጎ ሥር ተቀምጠን ጠየቀችኝ።

"ሐኪሟ ምን አለችህ? ከቢሮዋ ስትወጣ ፊትህ ሌላ ነበር። እዚያ ሆነን አልጠየቅሁህም።"

ነገርኳት። እንደ ሐኪሟ አድርጌ አይደለም፤ ግን ሳልደብቅ ነገርኳት። ስለተኙት ሴሎች፣ ስለ ምልክቱ፣ ስለደከሙት ወታደሮች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

"ክፍሌ ውስጥ የሚጮኸውና የሚማታው ልጅ አያስቸግረኝም" አለች ስጨርስ። "አየዋለሁ፣ እይዘዋለሁ። የሚያስፈራኝ ጸጥ ያለው ነው። ድብብቆሽ ስናጫውታቸው ሁሉም ተገኝቶ አንዱ ይቀራል። ያ ጸጥ ያለው ነው። አጠገቡ አልፈን ሄደናል፣ ልብሱን ነክተነዋል፣ ግን አልተነፈሰም።" ሻሿን አስተካከለች። "ወታደሮቼ ላይ አትፍረድባቸው። የራሳቸውን ቤት ሰው የሚመስለውን እንዴት ይግደሉት?"

"አልፈረድኩም።"

"ፈርደሃል። ፊትህን አውቀዋለሁ። እኔ ግን አዝንላቸዋለሁ። ሲደክማቸው ይሰማኛል መሰለኝ።"

ወንድሟ ከዲጋ መጣ። ገበሬ ነው፤ ዳጉሳና በቆሎ ያርሳል፣ ቡናም አለው። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው። ነገሩን ሳስረዳው ግማሹን አልሰማኝም፤ "ደሜን ትፈልጋለች" የሚለውን ብቻ ያዘ። እጅጌውን እዚያው ሳሎን ውስጥ ሰበሰበ።

"ውሰዱ፤ ሁሉንም ውሰዱ" አለ።

አዲስ አበባ ይዤው ሄድኩ። ደሙ ተወስዶ ለምርመራ ውጭ አገር ተላከ። ውጤቱን ስንጠብቅ እሱ ዲጋ ሆኖ ራሱን ሲያዘጋጅ ነበር። ጠላ መጠጣት ተወ፤ የተከለከለ ነገር ባይኖርም። ደሜ ንጹሕ እንዲሆን ነው ይል ነበር። እናቱ ለእሷ ይሠሩ የነበረውን አንጮቴ ለእሱ መሥራት ጀመሩ። በየገበያው ቀን ነቀምቴ ብቅ ብሎ እህቱን ያያታል፤ ክንዱን ከክንዷ ጎን ያደርገውና "ተመልከቺ፣ አንድ ነው" ይላታል። መልካቸውም በእርግጥ አንድ ነው። ግንባራቸው፣ የጣቶቻቸው ቁመት፣ ሲስቁ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን የሚያደርጉት ነገር። በዚያ ጊዜ እኔም ሳላስበው ማመን ጀምሬ ነበር።

ሐኪሟ ደወለችልኝ። ክፍል ልገባ በር ላይ ነበርኩ።

"አልገጠመም፤ ግማሹ ብቻ ነው" አለችኝ። "በግማሽ የገጠመውንም የሚተክሉ አገሮች አሉ። የተኙትን ሴሎች የሚሸሽገውን ያንን ምልክት የሚሸፍን፣ የደከሙትን ሴሎች የሚቀሰቅስ መድኃኒት የሚሞክሩም አሉ። ለእኛ ግን ሩቅ ነው። እንዲህ ነው ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም።"

ያን ቀን አላስተማርኩም። ለወንድሟ መንገር የኔ ሥራ ሆነ። አውቶቡስ መናኸሪያ አገኘሁት፤ ማዳበሪያ ጆንያ ትከሻው ላይ ነበር። ስነግረው ጆንያውን አላወረደም።

"የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን" አለኝ።

"እሱ እንዲህ አይደለም የሚሠራው። ከእናትም ከአባትም ግማሽ ግማሽ ነው የምንወስደው። የትኛውን ግማሽ እንደምንወስድ አንመርጥም። እሷ የወሰደችው ሌላ፣ አንተ የወሰድከው ሌላ ሊሆን ይችላል።"

"አንድ ጡት ነው የጠባነው፣ ባርሲሳ። አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው። እንዴት ደሜ ለእሷ ባዳ ይሆናል?"

ሰው እያየን አለቀሰ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ የመናኸሪያው ረዳቶች እንኳ መጣራታቸውን ተዉ። ከዚያ ብዙ ጊዜ እህቱን ሊያይ አልመጣም። እሷ "አፍሮ ነው" አለች። "አንተ ንገረው፤ ምንም አላደረገኝም በለው።" ነገርኩት። "አዎ፣ ምንም አላደረግኩላትም" አለኝ።

በሽታው ማንጎው ሲያብብ ተመለሰ። እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ፦ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ተመልሳ ነበርና ለልጆቹ ክብ ክብ ወረቀት ስትቆርጥ መቀሱ ከእጇ ወደቀ። አነሳሁላት። እንደገና ወደቀ። "ደከመኝ" አለች፤ እንደ ትኩስ ወሬ ሳይሆን እንደሚጠበቅ ነገር። ትኩሳቱ በማግስቱ መጣ።

መንገዱ ተዘግቶ ነበር። በዚያ ሰሞን በእኛ አካባቢ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ መቼ እንደሚከፈት ግን የሚያውቅ የለም። አምቡላንስም አያልፍም ተባለ። ነቀምቴ ሆስፒታል ተኝታ የሚሰጣት ደም አነሰ። ይህን የሰሙት የትምህርት ቤታችን መምህራን ተሰልፈው ሰጡ። የእኔም ተወሰደ። ደሜን የያዘውን ከረጢት ስመለከት አንድ ነገር አሰብኩ፤ ይህ ደም ለጥቂት ቀን ቆማ እንድትሄድ ያደርጋታል፣ ውስጡ ያሉት ወታደሮች ግን ለእሷ አይዋጉላትም። እንግዳ ሆነው ይገባሉ፣ እንግዳ ሆነው ያልቃሉ።

መንገዱ ሲከፈት አዲስ አበባ ደረስን። ሐኪሟ የደሟን ውጤት አይታ ብዙ አልተናገረችም። ከፈለግን እንደገና ኬሞ ልትጀምርላት እንደምትችል፣ መድኃኒቱ ራሱ ሊገድላት እንደሚችል፣ ቢሠራም ለአጭር ጊዜ እንደሚሆን አስረዳችን። ሁሉንም ለባለቤቴ እንጂ ለእኔ አልነበረም የምታስረዳው።

"እነዚያ የተኙት ነቁ ማለት ነው?" አለቻት ባለቤቴ።

"ነቁ። ያልሞቱት ደግሞ መድኃኒቱን የለመዱት ናቸው።"

"የኔዎቹስ?"

ሐኪሟ ምን ማለቷ እንደሆነ ገባት። "የአንቺዎቹ የቻሉትን አድርገዋል" አለቻት።

"ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ።"

እኔ "አይሆንም" አልኩ። እንሞክር አልኩ፤ የሆነ አዲስ ነገር ይመጣል አልኩ። እየተናገርኩ ሳለ ፊቷን አየሁ። የልመናዬን ውጤት እየጠበቀች አልነበረም። ጫማዋን እያደረገች ነበር።

ነቀምቴ አልተቀመጥንም። ዲጋ እናቷ ቤት ሄድን፤ እሷ ናት የጠየቀችው። ወንድሟ ሶፋውን አውጥቶ አልጋዋን መስኮት አጠገብ አደረገላት። በእነዚያ ሳምንታት አንድ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። ትኩሳቱ እየበረታ ሲሄድ አማርኛዋ ጠፋ። መጀመሪያ እየቀላቀለች ታወራኝ ነበር፤ ከዚያ ቃል እየፈለገች ትቆማለች፤ በመጨረሻ በኦሮምኛ ብቻ ሆነ። ስንጋባ እኔ ቋንቋዋን እስክማር በአማርኛ ታወራኝ ነበር፤ እኔም ሳልማር ኖርኩ። ገበያ ላይ የሚበቃኝ ኦሮምኛ እዚያ አልጋ አጠገብ አልበቃኝም። የትኩሳት ወሬ ፈጣን ነው፣ ይቆራረጣል።

"ምን አለች?" እላለሁ።

እናቷ የሚችሉትን ያህል ይተረጉሙልኛል። "ልጆቹን ነው የምትጠራው። ኮታ፣ ኮታ ትላለች፤ ኑ ማለቷ ነው። ዝናብ መጣ ትላለች፣ ግቡ ትላለች።"

"ስለ እኔስ ምንም አላለችም?"

እናቷ አሰቡ። "አንተን ከእነሱ ጋር ነው የምትጠራው" አሉኝ። ደግነታቸው ይሁን እውነት፣ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ብቻ አማርኛ ተመልሶላት ነበር። ፀሐይ ወጥቶ፣ ትኩሳቱ በረድ ብሎ፣ ወንድሟ ከውጭ ውኃ ይዞ ሲገባ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። "ደክሟቸዋል፤ ተዋቸው" አለችኝ። ስለ ማን እንደምታወራ አልጠየቅኋትም። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። ጠዋት ነው ያረፈችው፤ እናቷ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉ። ወንድሟ ማሳ ሄዶ ነበርና ጩኸቱን ሰምቶ ሮጦ መጣ።

ቀብሯ ላይ የነቀምቴ መዘምራን መጡ። የዘመሩት ስለ እረፍት እንደሆነ ዜማው ነገረኝ። ቃላቱ ውስጥ የማውቃቸው ነበሩ፣ የማላውቃቸውም ነበሩ። አጠገቤ የቆመ የሥራ ባልደረባዬ ሊተረጉምልኝ ጎንበስ ሲል እጄን አነሳሁበት፤ ተወው ማለቴ ነበር።

አሁንም ነቀምቴ ነው ያለሁት። ዘመዶቼ ከጎጃም ደውለው "ና እንግዲህ፣ ምን ያስቀምጥሃል?" ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዲጋ እሄዳለሁ። እናቷን ግቢያቸው ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ሰላም ተባብለን ትንሽ ከቆየን በኋላ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

"ባርሲሳ፣ እኔ ነኝ ያጠባኋት። ከጡቴ ይሆን የገባባት?"

መጀመሪያ ሲጠይቁኝ አስረዳኋቸው። ከእናት የሚወረስ እንዳልሆነ፣ ከአንድ ሴል ስህተት እንደሚጀምር፣ ማንም እንዳልሰጣት፣ በምግብ እንዳልመጣ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። "እህ" አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ጠየቁኝ። እንደገና አስረዳሁ፤ ባለቀለም ጠመኔ እንደያዝኩ ሁሉ መሬቱ ላይ በእንጨት እየጫርኩ። በሦስተኛው "አይደለም፣ ሃርሜ" ብቻ አልኳቸው። አሁን የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ሃርሜ እናቴ ማለት ነው። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አያምኑኝም።

ልጃቸው ከማሳ ሲገባ ይጠሩታል። እሱም ያውቃል፤ ለምን እንደተጠራ አይጠይቅም። ያ ረጅም ሰው ፊታቸው ጎንበስ ይላል። እጃቸውን ግንባሩ ላይ ያሳርፋሉ፣ ያቆዩታል፤ ከዚያ ወደ አንገቱ ያወርዱታል፣ እንደገና ወደ ግንባሩ ይመልሱታል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ትኩሳት የለውም። እሳቸው ግን እጃቸውን አያነሱም።